የመሃል ወንበር

እዚህ የአረጋውያን መዋያ ውስጥ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ሞልተዋል፤ ሽማግሌዋ ግን እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሁለት ሰው ቢኳረፍ፣ አንዱ የሌላውን ወንበር ቢወስድ፣ የአንዱ ከዘራ በሌላው ጫማ ላይ ቢያርፍ፣ የምታስታርቀው ሌላ ማንም አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ጠርተውኝ እንዳይመስላችሁ። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" የሚባለው ተረት ለእኔ የተተረተ ስለሆነ፣ ማንም ሳይጠራኝ ቀድሜ እደርሳለሁ። አክስቴ "አንቺ እኮ ነገር ሲበርድ የምታሞቂ ምድጃ ነሽ" ትለኛለች። እኔ ይህንን እንደ ሙገሳ ነው የምወስደው፤ ምድጃ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?

አክስቴ የመዋያው አስተባባሪ ናት። ሰባተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት በስምምነት ከተለያየን በኋላ (ስምምነቱ የመጣው ከእሱ በኩል ነው) እቤት ተጋድሜ ጣራ ሳይ አግኝታኝ፣ "ተነሺ፣ ቢያንስ ከሰው ጋር ዋይ" ብላ አመጣችኝ። የሥራዬ ስም "የፕሮግራም ረዳት" ነው። ስሙ ሲጠራ ደረት ያስነፋል። ሥራው ግን ወለል መወልወል፣ ሻይ ማደል፣ የጠፋ መነጽር ፈልጎ ከባለቤቱ ግንባር ላይ ማግኘት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የወንበር ስፖርት ማሠራት ነው። የወንበር ስፖርት ማለት ሁሉም እንደተቀመጠ እጁን ወደ ላይ የሚያነሳበት፣ ግማሹም አንስቶ እዚያው የሚረሳበት ፕሮግራም ነው። "እጅ ወደ ታች!" ብዬ ካልጮህኩ ጋሼ ጃንጥላ እንደ ምርኮኛ እጃቸውን ሰቅለው ምሳ ይደርስባቸዋል። ጋሼ ጃንጥላ የምላቸው ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጃንጥላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ጡረተኛ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊታቸው ግን አልጠራቸውም፣ የጃንጥላው ጫፍ ሹል ነው።

ያን ቀን ከስፖርቱ በኋላ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነበር። የአክስቴ ቢሮ በር በእርጥበት አብጦ ስለማይገጥም በታጠፈ ካርቶን ነው የሚደገፈው። ካርቶኑ ደግሞ ወሬ አይከለክልም። እኔም የማዳመጥ ፍላጎት ኖሮኝ አይደለም፤ እዚያ በር ፊት ያለው ወለል ብቻ ከሌላው ወለል ሁሉ ይልቅ ይቆሽሻል፣ ምን ላድርግ። ውስጥ አክስቴና ሹፌሩ ያወራሉ። ሹፌሩ አረጋውያኑን ከየቤታቸው ለቅሞ የሚያመጣና ማታ የሚመልስ ሰው ነው። ሚኒባሷ ዳገት ላይ እያቃሰተች እንደሆነ፣ አዳራሹም ሰው መያዝ እንዳቃተው፣ ትናንት አንድ አዛውንት መቀመጫ አጥተው የወጥ ቤት ባልዲ ላይ ተቀምጠው እንደዋሉ ተነጋገሩ። ከዚያ አክስቴ ቆረጠች። ከሰኞ ጀምሮ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ጠዋት መጥቶ ምሳ በልቶ ይሄዳል፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ መጥቶ ይውላል።

"እነዚያን ሁለት እህትማማቾች መጀመሪያ ለያያቸው" አለችው። "የእህቴ ልጅ ነግራኛለች፣ እሳትና ጭድ ናቸው።"

"እንግዲያው ታላቂቱን ጠዋት፣ ታናሺቱን ከሰዓት አድርጊያቸው" አለ ሹፌሩ። "እኔም በመስታወት ሳያቸው መንገዱ ይጠፋብኛል። አንዷ በቀኝ መስኮት፣ አንዷ በግራ መስኮት፣ ትንፍሽ የለም።"

መወልወያዬን ተደግፌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የእህቴ ልጅ ነግራኛለች! ምክሬ ተሰማ ማለት ነው። ሰው ከነዲፕሎማው ቁጭ ብሎ በሰባተኛ ክፍል ምክር መዋያ ሲተዳደር በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባልዲዬን አንጠልጥዬ ወደ አዳራሹ ስገባ የምራመደው እንደ ባለሥልጣን ነበር፤ ውሃው ጫማዬ ውስጥ እስኪገባ ድረስ።

አዳራሹ ድሮ የቤት ዕቃ መሸጫ ነበር። የጀርባው ግድግዳ ላይ በቀይ የተጻፈ "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ደጋግመን ነጭ ብንቀባውም ቀዩ ከሥር እየፈካ ይወጣል። ጋሼ ጃንጥላ እሱን እያዩ "እኛን ነው፣ ገዢ ጠፋ እንጂ" ይላሉ። ጣራው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲዞር ይንጫጫል፣ ሲቆም ደግሞ ሁሉም "ምን ሆነ?" ብሎ ይደነግጣል። ወሬውም እንደ ወንበሩ ቦታ ቦታ አለው። በሩ አጠገብ የጉልበት ሕመም ይወራል። መሃል ላይ የእንቁላል ዋጋ ይወራል፤ "አሁን አንድ እንቁላል በሚገዛበት ዋጋ እኮ በእኛ ጊዜ ዶሮዋን ከነቤተሰቧ ታመጣት ነበር" ይባላል፣ ሌላው "ከነቆጧ ጭምር" ብሎ ይጨምራል፣ እንቁላሉም በየቀኑ ይወደዳል፣ ዶሮዋም በየቀኑ ትረክሳለች። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ዝምታ አለ። እዚያ ነው እህትማማቾቹ የሚቀመጡት።

ታላቋ በልብስ ስፌት ያረጁ ናቸው፤ ዛሬም መቀስ ከእጃቸው አይለይም፣ በልቤ እትዬ መቀስ እላቸዋለሁ። ታናሿ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጠው መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እትዬ ስልክ ናቸው። ስንቱን ሰው ከስንቱ ያገናኙ ሴትዮ፣ ከገዛ እህታቸው ጋር መስመራቸው የተቆረጠው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ምክንያቱን ጠይቄአለሁ፣ እንዴት አልጠይቅም! ታላቋ "እሷ ታውቀዋለች" አሉኝ። ታናሿ "እሷን ጠይቂያት" አሉኝ። ይኸው ነው። የሚኖሩት በአንድ ሰፈር ነው፣ ግን አንዳቸው የሌላቸውን ደጃፍ አይረግጡም። መዋያው ውስጥ ግን ጠዋት ሰው ሳይሞላ ቀድመው ገብተው፣ ሌላ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሁለቱም ያንኑ የመስኮት ጠረጴዛ ይይዛሉ። ይሄንን በእልህ የተያዘ የቦታ ጥያቄ ብዬ ነበር የተረጎምኩት። ሁለቱ በሁለቱ ጫፍ ይቀመጣሉ፣ የመሃሏ ወንበር የእኔ ናት። ምሳ ላይ ታላቋ "ጨዉን ታቀብለኝ በያት" ይላሉ። ጨዉ ያለው እጃቸውን ቢዘረጉ የሚያገኙበት ቦታ ነው። "ጨዉን ያቀብሉኝ ይላሉ" እላለሁ። "ሾርባው ጨው አለው በያት።" "ሾርባው ጨው አለው ይላሉ።" "ምላሴን ተውሳኛለች ወይ በያት።" "ምላሴን..." እንደዚህ እያልን ስንመላለስ የሚቀዘቅዘው የማን ሾርባ ነው? የእኔ። ለአክስቴ "እነዚህን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማዋል ግፍ ነው" ያልኳት ስለ ሰላም አስቤ ነው ብል ደስ ይለኛል፤ ስለ ሾርባዬ ነው።

ደግሞ የሚጣሉበት ነገር አያልቅም ነበር። ታላቋ ዳቦ ሲቀርብላቸው ደረቅ ደረቁን በመቀስ ቆርጠው እራሳቸው ይበላሉ፣ ለስላሳውን "እኔ ይሄን አልወድም" ብለው ወደ ጠረጴዛው መሃል ይገፉታል። ታናሿ ጥርስ የላቸውም፣ ወደ መንገዱ እያዩ አንስተው ይበሉታል። እኔ "አይ ቀማኛ" እላለሁ በሆዴ። ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ ደግሞ ታላቋ በሚሰፉት ልብስ ላይ ዓይናቸውን ያጠባሉ፤ ታናሿ ምንም ሳይሉ ተነስተው መጋረጃውን ይስባሉ፣ "ለራሴ ነው" ይላሉ ለእኔ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እኔም "መጋረጃ ሳይቀር ይሻሙ ጀመር" ብዬ ለአክስቴ አመላልሳለሁ። ዓይን ሰጥቶኛል፣ ማየት ግን ሌላ ሙያ ነው።

እንግዲህ ባልዲዬን አስቀምጬ መሃሏ ወንበር ላይ ጉብ አልኩና "የምሥራች!" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሰኞ ጀምሮ እትዬ መቀስ ጠዋት፣ እትዬ ስልክ ከሰዓት። መተያየት የለም፣ ጨው የለም፣ በያት የለም፣ ሰላም ብቻ። የምሥራች ሲነገር ሰው እልል ባይል እንኳ እሰይ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። የታላቋ መቀስ ጨርቁን ግማሽ ላይ ነክሶ ቆመ። ታናሿ የሚጠቀልሉት የክር ድቡልቡል ከጭናቸው ወድቆ እየተፈታ ሄዶ ከታላቋ ወንበር ሥር ገባ። ሁለቱም አላነሱትም። ደስታ አንዳንድ ሰው ላይ እንደ ድንጋጤ ነው የሚታየው አልኩና፣ ተንበርክኬ ክሩን አንስቼ ወደ ሻዬ ሄድኩ።

ኩባያ እያጠብኩ ታላቋ ወጥ ቤት በር ላይ ተከሰቱ። እዚያ መጥተው አያውቁም። ግድግዳውን ይዘው እያቃሰቱ፣ "ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ይይዘኛል። ለእኔ ከሰዓት ቢያደርጉልኝ ይሻለኛል፤ ለአክስትሽ ንገሪልኝ" አሉኝ። "ኧረ ምን ችግር አለው!" አልኩ። ኩባያዬን ሳልጨርስ ኮሪደር ላይ ታናሿ ያዙኝ። የደም ግፊት መለኪያው ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ተራቸውን ጥለው ነው የመጡት። "እኔ እኮ ከሰዓት ዓይኔን እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ጠዋት ላድርገው፣ እባክሽ የኔ ልጅ" አሉ። የኔ ልጅ መባል ለእኔ እንደ ደሞዝ ነው። አክስቴ ቢሮ ሮጬ ገብቼ ሁለቱንም አስቀየርኩ፤ ታላቋ ወደ ከሰዓት፣ ታናሿ ወደ ጠዋት። አክስቴ ብዕሯን እየነከሰች "እርግጠኛ ነሽ?" ስትለኝ "እኔ እያለሁ!" አልኳት።

ተመልሼ መሃሏ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አበሠርኩ፤ እንደጠየቃችሁት፣ እትዬ እርስዎ ከሰዓት፣ እትዬ እርስዎ ጠዋት፣ ሁለታችሁም የልባችሁ ደርሷል። ሁለቱ ተያዩ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስውል ሲተያዩ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያ ነው። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የሒሳብ አስተማሪዬ ትምህርት ቤቱን ከመልቀቄ በፊት የሚያየኝ እንደዚያ ነበር።

ታላቋ ወደ መስኮቱ እያዩ "እንግዲህ መጋረጃውን የሚስብልኝ ሰው ፈልጊልኝ" አሉ። ታናሿ ደግሞ ወደ እጃቸው እያዩ "ዳቦውን... ለስላሳውን ብቻ ቆርጠሽ ታመጪልኛለሽ?" አሉ።

ያኔ በራልኝ። ለእናንተ ከበራላችሁ ቆይቷል፣ አውቃለሁ፣ አትሳቁብኝ። እያንዳንዳቸው ወደ እህታቸው ሰዓት ሊሄዱ ነበር የለመኑኝ፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ቀይሬ መንገድ ላይ አስተላለፍኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ፣ ለቅሜ፣ መልሼ አፈሰስኩ። ከዚህ ጠረጴዛ ሌላ የሚገናኙበት ቦታ የላቸውም። መንገድ ላይ ቢተላለፉ እንኳ ጨው አቀብዪኝ አይባባሉም። ሾርባዬ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ፣ አሮጊት እህትማማቾችን የቀረቻቸውን አንዲት ጠረጴዛ ነጠቅኋቸው።

ዳግመኛ አክስቴ ቢሮ ስገባ ገና አፌን ሳልከፍት እጇን አነሳች። "እኔ የምትበውዢኝ ካርታ ነኝ?" አለች። "ደግሞ እሳትና ጭድ ያለኝ ማን ነው? ጎረቤት ነው?" ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ እንባው እውነተኛ ነበር፣ እሷ ግን እንባዬን ታውቀዋለች፣ ስልክ ግዢልኝ ስል ያየችው እንባ ነው። በመጨረሻ "ስሚ" አለችኝ። "ሹፌሩ ምሳ ሲያልቅ ለሁሉም ያውጃል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። እስከዚያ ሁለቱ በገዛ አፋቸው 'አንድ ላይ አድርጊን' ካሉኝ አደርጋቸዋለሁ። በአንቺ አፍ የሚመጣ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር አይገባም።" በሩን በቁጣ ልትዘጋው ሞከረች፣ ካርቶኑ ወደቀ፣ በሩ መልሶ ተከፈተ፣ ሁለታችንም አላየንም ብለን አለፍን።

ምሳ ሊቀርብ ነው። የሾርባው ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ታላቋን ሄጄ አክስቴ ያለችውን ነገርኳቸው። "እኔ? እሷ ትበል" አሉ። ታናሿን ነገርኳቸው። "ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም" አሉ። ዕድሜ ያጎበጣቸው ሰዎች ለኩራት ሲሆን ቀጥ ይላሉ። እንግዲህ የሽምግልና ትልቁ መሣሪያ ቀረኝ፣ ውሸት። ሽማግሌ ሁሉ እኮ ለዚህኛው "አዝኗል" ለዚያኛው "ተጸጽቷል" እያለ ነው የሚያስታርቀው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ታላቋን ክንዳቸውን ደግፌ ወደ ጠረጴዛው ስወስዳቸው ጆሯቸው ላይ ጠጋ ብዬ፣ "ታናሽዎ 'እትዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ' ብለውኛል፣ ለመናገር አፍረው ነው" አልኩ። ቆሙ። "እትዬ አለችኝ?" አሉ። "አዎ፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ ነው ያሉት" ብዬ ጨመርኩበት፣ ውሸት እኮ ከጀመሩት አይሰሰትም። ከዚያ ታናሿን ከደም ግፊቱ ሰልፍ አመጣሁና በሌላው ጆሮ፣ "ታላቅዎ 'እኔ ነኝ ያጠፋሁት' ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ" አልኩ። እሳቸውም ቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "አለቀሰች? ስታለቅስ ሰማሽ?" አሉኝ፣ ክንዴን እስኪያመኝ ይዘው። ይሄማ ሠራ አልኩ በልቤ።

ተቀመጥን። አክስቴ በጭልፋ ሾርባ እያደለች ነው፣ ሹፌሩ ለአዋጁ ጉሮሮውን እየጠረገ በር ላይ ቆሟል። ታላቋ ማንኪያ አላነሱም። መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርገው አስቀመጡና፣ "ንገሪያት" አሉኝ። "እትዬ ብለሽኛል ወይ በያት።"

"እትዬ ብለውኛል ወይ ይላሉ" አልኩ።

"እኔ እሷን እትዬ ብያት አላውቅም በያት። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እታለም ነው የምላት" አሉ ታናሿ።

"እኔም እኮ ለዚህ ነው የጠየቅሁት በያት። ይህቺን ውሸታም የላከችብኝ ማን ናት በያት።"

"እኔ ማንንም አልላክሁም በያት! እሷ አይደለችም እንዴ አለቀስኩ ብላ የላከችብኝ በያት!"

"እኔ? አለቀስኩ? እኔ አላለቅስም በያት!"

አንገቴ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። "ቆይ፣ አንድ በአንድ... እኔ አላለቅስም ይላሉ... እትዬ፣ ትንሽ ቀስ..." ማን ይስማኝ። ታናሿ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ በእኔ ጭንቅላት አናት ላይ አሻግረው፣ "አልቅሰሻል!" አሉ። በያት የለበትም። "አንድ ቀን አልቅሰሻል። በስልክ።"

መሃል ያሉት ከእንቁላሉ ዋጋ ወደ እኛ ዞሩ። ማራገቢያው እንኳ የሚንጫጫው ቀስ ብሎ መሰለኝ። ታላቋም ተነሱ።

"ታዲያ አውቀሽኝ ነበራ!" አሉ። "እናቴ እጄ ላይ እያጣጣረች ሐኪም ቤት አገናኚኝ ስልሽ፣ አውቀሽ ነው 'መስመር ተይዟል፣ ይጠብቁኝ' ያልሽኝ? እንደ ባዕድ? ይጠብቁኝ?"

"እናታችን!" አሉ ታናሿ። "እናታችን ናት። አላወቅሁሽም! ማታ ቤት ገብቼ አልጋው ዙሪያ ሰው ሞልቶ ሳይ ነው ያ ድምፅ የማን እንደሆነ የገባኝ። በምን ልወቅሽ? አባታችን ሲሞት እንኳ አላለቀስሽም። ከተወለድኩ ስታለቅሺ ሰምቼሽ አላውቅም፣ እታለም። በምን ልወቅሽ?"

ታላቋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"መቼ አናገርሽኝ?"

ጋሼ ጃንጥላ ከሩቅ ሆነው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ያያሉ፤ የጠዋቱን ስፖርት ረስተውት ይሁን እጅ ሰጥተው አላወቅሁም። ታላቋ ዳቦውን አነሱ፣ ደረቅ ደረቁን በመቀስ ዙሪያውን ቆረጡ። ለስላሳውን ግን ወደ ጠረጴዛው መሃል አልገፉትም። እጃቸውን በእኔ አፍንጫ ሥር አሻግረው ዘርግተው ያዙላቸው፣ ታናሿ እስኪወስዱት ድረስ።

አክስቴ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች። አስተባባሪ ስትሆን ድምፅዋ ይለወጣል። "ይቅርታ አድርጉልኝና" አለች፣ "ሹፌሩ እየጠበቀ ነው። ምን ተወሰነ? ጠዋት ነው ከሰዓት?"

"ጠዋት!" አሉ ታላቋ። ታናሿም እኩል "ከሰዓት!" አሉ። አንዷ ወደ ሌላዋ ደግመው ሮጡ፣ ደግመው ተላለፉ። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

"ዝም በይ አንቺ!" አሉ ታላቋ። "ታላቅሽ ነኝ። ጠዋት ነው። ሁለታችንም። አንድ ላይ አድርጊን።"

"ጉልበትሽስ? ጠዋት ይይዘኛል ስትይ አልነበር?"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይሆናል" አሉ ታናሿ። ሁለቱም ወደ እኔ ሳያዩ አወቁኝ። ከዚያ "እሺ፣ እታለም" አሉ፣ ዳቦውን እያላመጡ። አክስቴም በገዛ ጆሮዋ ሰምታ ለሹፌሩ ምልክት ሰጠችው። ሹፌሩ ጉሮሮውን የጠረገበትን አዋጅ አወጀ፣ ሰዉ እያጉረመረመ ሰማው፣ ወዲያው መሃል ላይ የእንቁላል ዋጋ ቀጠለ።

እህትማማቾቹም ቀጠሉ። የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ያነሳሉ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ያ አጥር ፈረሰ ወይ፣ ያቺ ቀይ ሹራብ የት ደረሰች፣ አንቺ ነሽ የወሰድሻት፣ አልወሰድኩም፣ ወስደሻል። ጨዉ በአፍንጫዬ ሥር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ እኔን የሚጠይቀኝ የለም። ሾርባዬን ቀመስኩት፣ ትኩስ ነው። ትኩስ ሾርባ እንደዚህ ብቸኛ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ግን ደረቴ ተነፋ፤ የዚህ ሁሉ ባለቤት ማን ናት? ለአክስቴ የማወራውን ሁሉ በልቤ አሰናዳሁ፣ ማታ እቤት የማወራውንም ጭምር። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ፣ መሃሏ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተስተካክዬ ተቀመጥኩና ፈገግ አልኩ።

"እንግዲህ ያስታረቅኳችሁ እኔ ነኝ" አልኩ። "አታመሰግኑኝም?"

ታላቋ አንገታቸውን በትከሻዬ በኩል አሰገጉ፣ አልሆነላቸውም፤ በሌላው ትከሻዬ በኩል አሰገጉ፣ እሱም አልሆነላቸውም። በመቀሳቸው ጫፍ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ተነሺ እስቲ፣ ልጄ፣ ጋረድሽን።"